አምባዛ፦ በሎጎ ሐይቅ ዳርቻ ወለል ላይ የሚኖረው ዓሣ ሥነ ሕይወት፣ ምደባና አጠቃቀም

በደቡብ ወሎ ዞን በሐይቅ ከተማ፣ በውጫሌና በአካባቢው ገበያዎች ለሽያጭ ከሚቀርቡት የዓሣ ዓይነቶች አንዱ አምባዛ ነው። ኅብረተሰቡ ይህን ዓሣ በጢሙና ቅርፊት በሌለው ለስላሳ ቆዳው ይለየዋል። ይሁን እንጂ የት እንደሚኖር፣ እንዴት እንደሚተነፍስ፣ መቼና በምን ስፍራ እንደሚራባ በቂ ግንዛቤ ባለመኖሩ ዓሣው ራሱን በሚተካበት ወቅትና ቦታ ላይ ጉዳት ሲደርስ ይታያል። ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው የዓሣ ማስገር ፈቃድ፣ የዓሣ ጫጩት አቅርቦትና የሙያ ምክር ለማግኘት ወደ መንግሥት ተቋማት የሚመጡ ዜጎች ስለ አምባዛ መሠረታዊ ዕውቀት እንዲኖራቸው ለማስቻል ነው።

የአምባዛ መለያ ባሕርያት

አምባዛ ረዘም ያለ ሰውነት፣ ከላይ ወደ ታች የተጫነ ጠፍጣፋና ጠንካራ የራስ ቅል፣ ሰፊ አፍና ትናንሽ ዓይኖች አሉት። በአፉ ዙሪያ አራት ጥንድ፣ በድምሩ ስምንት ጢሞች ይገኛሉ። የጀርባ ክንፉ ከራሱ ትንሽ ወረድ ብሎ ጀምሮ እስከ ጭራው አጠገብ ሳይቋረጥ ይዘልቃል። ጀርባው ጠቆር ያለ፣ ሆዱ ነጣ ያለ ሲሆን ቆዳው በሚያሟልጭ ፈሳሽ የተሸፈነና ቅርፊት የሌለው ነው። በሁለቱ ጎኖቹ ባሉት የደረት ክንፎች ፊት ለፊት ጠንካራና ጥርስ ያለው እሾህ አለ። አስጋሪዎች እጃቸውን የሚወጋቸው ይኸው እሾህ ስለሆነ ዓሣውን ከመረብ ወይም ከመንጠቆ ሲያላቅቁ ከራሱ ጀርባ አጥብቆ መያዝ ይገባል።

እነዚህ መለያዎች አምባዛን በሎጎ ሐይቅ ከሚገኙት ሌሎች ዓሦች ለመለየት ያስችላሉ። ቀረሶ በቅርፊት የተሸፈነ፣ ጎኑ ሰፊና ጢም የሌለው ሲሆን በጀርባ ክንፉ ላይ እሾሆች አሉት። ካርፕ እንደ አምባዛ ከውኃው ወለል ምግቡን የሚለቅም ቢሆንም ትልልቅ ቅርፊቶችና ሁለት ጥንድ አጫጭር ጢሞች ብቻ ነው ያሉት። ጋራ የተባለው ትንሽ ዓሣ ደግሞ ከአፉ ሥር ድንጋይ ላይ የሚጣበቅበት ክብ አካል አለው።

የአምባዛ ጢሞች የመዳሰሻና የመቅመሻ አካላት ናቸው። ዓሣው በአብዛኛው በሌሊትና በደፈረሰ ውኃ ውስጥ ስለሚንቀሳቀስ ምግቡን የሚፈልገው በዓይኑ ሳይሆን በጢሞቹ ወለሉን እየዳሰሰ ነው። ከዚህም ሌላ በቆዳው ላይ ባሉ ጥቃቅን የስሜት አካላት አማካይነት ሌሎች እንስሳት የሚፈጥሩትን ደካማ የኤሌክትሪክ ምልክት መለየት ይችላል።

በሳይንሳዊ ምደባ አምባዛ የት ይመደባል?

አምባዛ አጥንታም ዓሣ ነው። ጢማም ዓሦችን በሚያጠቃልለው ሲሉሪፎርመስ በተባለው ክፍለ መደብ ይመደባል። ይህ ክፍለ መደብ በዓለም ላይ ከ3,000 በላይ ዝርያዎችን ይዟል። በውስጡ ካሉት ቤተሰቦች አንዱ በአፍሪካና በእስያ የሚገኙትን አየር መተንፈስ የሚችሉ ጢማም ዓሦች የሚያካትተው ክላሪዴ ነው። አምባዛ በዚህ ቤተሰብ ሥር ክላሪያስ በሚባለው ወገን ውስጥ ይገኛል፤ ሙሉ ሳይንሳዊ ስሙም ክላሪያስ ጋሪፒነስ ይባላል።

ስሙን ያወጣው እንግሊዛዊው ተጓዥና የተፈጥሮ ተመራማሪ ዊልያም በርቸል ሲሆን ዓሣውን በጽሑፍ ያስተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ1822 ነው። «ጋሪፒነስ» የሚለው ቃል የመጣው በደቡባዊ አፍሪካ የሚገኘው የኦሬንጅ ወንዝ በአካባቢው ሕዝብ ከሚጠራበት «ጋሪፕ» ከሚለው ስም ነው። ይሁንና ዓሣው ከደቡብ አፍሪካ እስከ ዓባይ ተፋሰስና ከዚያም አልፎ እስከ መካከለኛው ምሥራቅና ቱርክ ድረስ የሚገኝ በመሆኑ የተለያዩ ተመራማሪዎች በየአካባቢው የተለያየ ስም ሰጥተውት ቆይተዋል። በሰሜን አፍሪካና በዓባይ ክላሪያስ ላዜራ፣ በምሥራቅ አፍሪካ ደግሞ ክላሪያስ ሞሳምቢከስ ይባል ነበር። የቤልጂየሙ ተመራማሪ ጋይ ቶይገልስ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ባካሄዱት ሰፊ የምደባ ጥናት እነዚህ ስሞች የአንድ ዝርያ መጠሪያዎች መሆናቸውን በማሳየታቸው ቀድሞ የወጣው ጋሪፒነስ የሚለው ስም ጸንቷል።

የስሙ ጉዳይ ለምሁራን ብቻ የሚተው አይደለም። ስለ ኢትዮጵያ ሐይቆች የተጻፉ የቆዩ የምርምር ጽሑፎችን የሚያነቡ ተማሪዎችና የልማት ሠራተኞች በሁለትና በሦስት ስም የተጠቀሰው ዓሣ አንዱ አምባዛ መሆኑን ካላወቁ ስለ እድገቱ፣ ስለ እርባታውና ስለ በሽታው የተሰበሰበውን ዕውቀት አሟልተው ሊጠቀሙበት አይችሉም።

ሌላው ሊታወቅ የሚገባው ጉዳይ የአኗኗር መመሳሰል ዝምድናን የማያመለክት መሆኑ ነው። በቀይ ባሕርና በሌሎች ባሕሮች ዳርቻ አሸዋ ላይ ተለጥፎ የሚኖረው ሬይ የተባለው ጠፍጣፋ ዓሣም እንደ አምባዛ የወለል ኗሪ ነው። ሆኖም የሬይ አፅም እንደ ሻርክ በለምለም አጥንት የተሠራ ስለሆነ በምደባ ከአምባዛ እጅግ የራቀ ነው። የሁለቱ ጠፍጣፋነት በወለል ላይ መኖር ያስገኘው መመሳሰል ሲሆን ዘራቸው ግን ለየቅል ነው።

በሎጎ ሐይቅ «ወለል» ሲባል የትኛው ነው?

ሎጎ ሐይቅ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,900 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የሚገኝ፣ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋትና ከ80 ሜትር በላይ ጥልቀት ያለው ሐይቅ ነው። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአቡነ ኢየሱስ ሞዓ ዘመን የታወቀው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የሚገኘውም በዚሁ ሐይቅ ነው። ሐይቁ በገጸ ምድር ወደ ሌላ ቦታ የሚፈስስ መውጫ የለውም። ስለሆነም በዝናብ ታጥቦ የሚገባው አፈር፣ ማዳበሪያና ቆሻሻ በአብዛኛው በዚያው ይቀራል።

አምባዛ የወለል ዓሣ ነው ሲባል ብዙ ሰው ዓሣው በሐይቁ ጥልቅ መካከል ይኖራል ብሎ ሊያስብ ይችላል። እውነታው ግን ከዚህ የተለየ ነው። በጥልቅ ሐይቆች የታችኛው ውኃ ከላይኛው ጋር እንደልብ ስለማይቀላቀል ኦክስጅን ያጥረዋል፤ ለዓሣ የሚሆን ምግብም በዚያ እምብዛም አይገኝም። በመሆኑም ለአምባዛ መኖሪያና መመገቢያ የሚሆነው ወለል ብርሃን የሚደርስበት፣ ሣርና ፊላ የሚበቅልበት፣ ጥልቀቱ አነስተኛ የሆነው የሐይቁ ዳርቻ ነው። ይህ ስፍራ ከሐይቁ ጠቅላላ ስፋት አንጻር ጠባብ ሲሆን ሰዎች የሚያርሱበት፣ ከብት የሚያጠጡበት፣ ልብስ የሚያጥቡበትና መረብ የሚዘረጉበትም ይኸው ዳርቻ ነው። የአምባዛ ህልውና ከሐይቁ ጥልቀት ይልቅ በዚህ ጠባብ ዳርቻ ደኅንነት ላይ የተመሠረተ መሆኑን መገንዘብ ያስፈልጋል።

አየር የሚተነፍስ ዓሣ

አብዛኞቹ ዓሦች በውኃ ውስጥ የሟሟውን ኦክስጅን በስንጥባቸው ብቻ ይወስዳሉ። አምባዛ ግን ከስንጥቡ በላይ ባለ ክፍተት ውስጥ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ የተሠራና በደም ሥር የተሞላ ተጨማሪ የመተንፈሻ አካል አለው። በውኃው ውስጥ ያለው ኦክስጅን ሲያንስ ወደ ላይ ወጥቶ አየር በአፉ ይጎርስና በዚህ አካል አማካይነት ይጠቀምበታል። ከውኃ የወጣ አምባዛ ቆዳው እርጥብ እስከሆነ ድረስ ለሰዓታት ሳይሞት የሚቆየው፣ በበጋ በሚጎድል ኩሬ ጭቃ ውስጥ የሚሰነብተውና በእርጥብ ሌሊት በደረት እሾሆቹ እየተደገፈ ከአንድ ውኃ ወደ ሌላው ለመሻገር የሚሞክረው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህ ችሎታ ሁለት ተግባራዊ ትርጉሞች አሉት። አንደኛ፣ አምባዛ በሕይወት መገኘቱ ብቻውን ውኃው ንጹሕ ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም፤ ሌሎች ዓሦች የማይችሉትን የተበከለ ውኃ እርሱ ሊቋቋም ይችላልና። ሁለተኛ፣ በኩሬ የሚያረቡ ሰዎች ዓሣው በየጊዜው ወደ ላይ ወጥቶ እንዲተነፍስ የኩሬውን ገጽ በአረምና በቅጠል እንዳይሸፈን ማድረግ አለባቸው፤ ኩሬው ሞልቶ በሚፈስበት ጊዜም ዓሣው እንዳያመልጥ ዳርቻውን ማጠር ይገባቸዋል።

አመጋገብ

አምባዛ ያገኘውን የሚበላ ዓሣ ነው። የነፍሳት እጮችን፣ ቀንድ አውጣዎችን፣ ትናንሽ ዓሦችን፣ የዓሣ እንቁላልን፣ የዕፅዋት ቅሪትንና በውኃው ውስጥ የሚንሳፈፉ ጥቃቅን እንስሳትን ይመገባል። በስንጥቡ ቅስቶች ላይ ያሉት ብዙና ቀጫጭን ማበጠሪያ መሰል አካላት ጥቃቅኑን ምግብ ከውኃ አጥልሎ ለማስቀረት ይረዱታል። ይህ ሰፊ የምግብ ምርጫ ዓሣውን በተለያየ አካባቢ ለመኖር ያስቻለው ሲሆን በማይታወቅበት ውኃ ውስጥ ሲለቀቅ ግን በዚያ ባሉት ዓሦች ላይ ጉዳት እንዲያደርስ ምክንያት ይሆናል።

አንድ ዓሣ ወደ አንድ ሐይቅ መግባቱ ምን ያህል ለውጥ ሊያስከትል እንደሚችል የሎጎ ሐይቅ የራሱ ታሪክ ያስረዳል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ማብቂያ ቀረሶ ወደ ሐይቁ እንዲገባ ተደርጓል። ቀረሶ ለአካባቢው ሕዝብ ጠቃሚ የምግብና የገቢ ምንጭ ሆኗል። ሆኖም ቀደም ሲል ጥርት ያለ እንደነበር በተመራማሪዎች የተመዘገበው ውኃ ከዚያ በኋላ በተደረጉ ጥናቶች በጥቃቅን አረንጓዴ ዕፅዋት የተሞላ ሆኖ የተገኘ ሲሆን፣ ለዚህ ለውጥ ከተጠቀሱት ምክንያቶች አንዱ እነዚህን ጥቃቅን ዕፅዋት ይመገቡ የነበሩት ጥቃቅን እንስሳት በዓሣው መበላታቸው ነው። የዓሣ ዝርያን ከቦታ ወደ ቦታ የማዛወር ውሳኔ በጥናትና በፈቃድ ብቻ እንዲሆን የሚደረገው ስለዚህ ነው።

መራባት፦ የክረምት ጎርፍና የዳርቻ ሣር

አምባዛ የሚራባው በዝናብ ወቅት ነው። የሐይቁ ውኃ ከፍ ብሎ በዳርቻው ያለውን ሣር ሲሸፍን የደረሱ ወንዶችና ሴቶች በሌሊት ወደ ጠለቅ ያላለው ውኃ ይወጣሉ። ሴቷ የምትጥላቸው እንቁላሎች ተጣባቂ ስለሆኑ በሣሩና በሌሎች ዕፅዋት ላይ ይለጠፋሉ። የእንቁላሎቹ ብዛት ከፍተኛ ሲሆን በአንድ ግራም ውስጥ ከ600 እስከ 700 የሚደርስ እንቁላል ይገኛል። ውኃው ሞቅ ያለ ከሆነ በአንድ ቀን ወይም በአንድ ቀን ተኩል ጊዜ ውስጥ ይፈለፈላሉ።

በዚህ ረገድ አምባዛ ከቀረሶ በእጅጉ ይለያል። እናት ቀረሶ እንቁላሎቿንና ጫጩቶቿን በአፏ ውስጥ ይዛ ትጠብቃለች። አምባዛ ግን እንቁላሉን ጥሎ ወደ ጥልቁ ይመለሳል፤ ከዚያ በኋላ ለጫጩቶቹ የሚያደርገው ጥበቃ የለም። ለጫጩቶቹ መሸሸጊያም መመገቢያም የሚሆነው የዳርቻው ሣር ብቻ ነው። ሣሩ ታጭዶ ወይም ታርሶ ከጠፋ፣ በከብት ከተረገጠ ወይም ከተራቆተ ተዳፋት በሚወርድ ደለል ከተሸፈነ በዚያ ዓመት የሚተካ ትውልድ ይቀንሳል።

ከዚህም ጋር ዓሦቹ በብዛት ወደ ዳርቻ የሚወጡበት ወቅት በቀላሉ የሚያዙበት ወቅት በመሆኑ አንዳንድ አስጋሪዎች በዚህ ጊዜ መረባቸውን በዳርቻው ላይ ያበዛሉ። በሆዷ እንቁላል የያዘች አንዲት አምባዛ ስትያዝ የሚጠፋው የአንድ ዓሣ ሥጋ ብቻ ሳይሆን በሺዎች የሚቆጠር የነገ ዓሣ ነው። የዛሬው ትርፍ ከሁለትና ከሦስት ዓመት በኋላ በባዶ መረብ የሚከፈል ይሆናል።

በኩሬ ማርባት ለሚፈልጉ

አምባዛ ጥቅጥቅ ብሎ መኖርንና የኦክስጅን ማነስን ስለሚችል፣ ልዩ ልዩ መኖም ስለሚቀበል በአፍሪካ በስፋት ከሚረቡት ዓሦች አንዱ ሆኗል። በአምባሰልና በአጎራባች ወረዳዎች በኩሬ ለማርባት የሚያስቡ ዜጎች የሚከተሉትን ነጥቦች አስቀድመው እንዲያጤኑ ይመከራል።

የውኃ ሙቀት፦ ዓሣው ፈጥኖ የሚያድገው ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በሚደርስ ሙቀት ነው። በደጋና በወይና ደጋ ውኃው ስለሚቀዘቅዝ እድገቱ ከቆላው ዝግ ያለ ይሆናል። በመሆኑም የትርፍ ስሌት በቆላ አካባቢ በተገኘ ውጤት ላይ መመሥረት የለበትም።

የጫጩት አቅርቦት፦ አምባዛ እንደ ቀረሶ በኩሬ ውስጥ በራሱ እንደልብ አይራባም። ጫጩት የሚገኘው በማስፈልፈያ ማዕከል ለእናት ዓሣዋ ሆርሞን በመስጠት ነው። ስለዚህ ኩሬ ከመቆፈሩ በፊት ጫጩት ከየት እንደሚገኝ መረጋገጥ አለበት።

መጠን መለየት፦ ትልልቆቹ ጫጩቶች ትንንሾቹን ይበላሉ። በየጊዜው በመጠን ለይቶ ማስቀመጥ ካልተቻለ ኪሳራው ከፍተኛ ነው።

ከሐይቅ ጫጩት አለመውሰድ፦ ከዳርቻ ሣር ውስጥ ጫጩት ለቅሞ ወደ ኩሬ መውሰድ ሐይቁን ከመጉዳቱም በላይ በሽታና ጥገኛ ተውሳክ ያዛምታል። በኩሬ ያደገ ዓሣንም ወደ ሐይቅ ወይም ወደ ሚሌና ሌሎች ወንዞች መልቀቅ አይፈቀድም።

ሕጉና አገልግሎቱ

የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 የአገሪቱ የዓሣ ሀብት የሚጠበቅበትንና ጥቅም ላይ የሚውልበትን መሠረት ደንግጓል። ለንግድ የሚደረግ ዓሣ ማስገር ፈቃድ ያስፈልገዋል። በፈንጂና በመርዝ ማስገር የተከለከለ ነው። በአንዳንድ አካባቢዎች በልማድ የሚሠራበት የብርብራ ፍሬም በዚሁ በመርዝነት የሚታይ ነው፤ ብርብራ ትልቁንም ትንሹንም፣ የሚፈለገውንም የማይፈለገውንም ዓሣ ሳይለይ ይገድላል። ክልሎችም በየራሳቸው ሕግና መመሪያ ዝርዝር ሁኔታዎችን ይወስናሉ፤ ስለ መረብ ቀዳዳ ስፋት፣ ማስገር ስለሚከለከልባቸው ቦታዎችና ወቅቶች በሥራ ላይ ያለውን መመሪያ ከወረዳው ባለሙያ መጠየቅ ያስፈልጋል።

የማስገር ፈቃድ፣ የኩሬ ቦታ ምርጫ ምክር ወይም የጫጩት አቅርቦት የሚፈልጉ ተገልጋዮች በቅድሚያ የሚያመለክቱት በሚኖሩበት ወረዳ የዓሣ ሀብት ልማት ሥራን ለሚመራው የግብርና ዘርፍ ጽሕፈት ቤት ነው። ሲያመለክቱ የሚያሰግሩበትን ወይም ኩሬ የሚሠሩበትን ቦታ፣ የሚጠቀሙበትን መሣሪያ ዓይነት፣ በግል ወይም በማኅበር መደራጀታቸውንና የውኃ ምንጫቸውን ለይተው ማቅረባቸው አገልግሎቱን ያፋጥናል። ከወረዳው አቅም በላይ የሆኑ የቴክኒክ ጥያቄዎች በባሕር ዳርና በሰበታ ወደሚገኙት የዓሣ ምርምር ማዕከላት ሊመሩ ይችላሉ። በሐይቁ ላይ መርዝ መጠቀምን፣ የዓሣ በድንገት በብዛት መሞትን ወይም የዳርቻ መታረስን የተመለከተ ማንኛውም ሰው ለቀበሌው ወይም ለወረዳው ጽሕፈት ቤት ወዲያውኑ ማሳወቅ ይጠበቅበታል። ከእንዲህ ዓይነቱ አጋጣሚ የተገኘ ዓሣ ለምግብም ለሽያጭም መዋል የለበትም።

ስለ ምግብነቱ

አምባዛ ገንቢ ምግብ ነው። ሥጋው እሾህ ያልበዛበት በመሆኑ ለሕፃናት ለማዘጋጀት ከሌሎች ዓሦች ይቀላል። በጣና አካባቢ በፀሐይ ደርቆ በቋንጣ መልክ ለገበያ ይቀርባል። ቅርፊት የሌለው በመሆኑ በእምነታቸው ምክንያት የማይመገቡት ወገኖች አሉ፤ ይህ የየግለሰቡ ምርጫ ሲሆን ሻጮች የዓሣውን ዓይነት ለገዢ በግልጽ የመንገር ኃላፊነት አለባቸው። በተለይ ቆዳው ተገፎ በተቆራረጠ መልክ የሚሸጥ ዓሣ ዓይነቱን በመልኩ ለመለየት ስለሚያስቸግር ስሙ ሳይገለጽ መሸጥ አይገባውም። ሥጋው በደንብ መብሰል አለበት፤ ቀዝቃዛ ማቆያ በሌለበትም በተያዘበት ዕለት ጥቅም ላይ መዋል ይኖርበታል።

ማጠቃለያ

አምባዛ ጭቃን፣ ድርቀትንና የኦክስጅን ማነስን የሚቋቋም ጠንካራ ዓሣ ነው። የማይቋቋመው የሚራባበት የዳርቻ ሣር መጥፋትንና እንቁላል በያዘበት ወቅት ያለገደብ መያዝን ነው። ስለሆነም በሎጎ ሐይቅ ዙሪያ የሚኖሩ አርሶ አደሮች ከውኃው ዳር ያለውን ሣርና ፊላ ሳያርሱ እንዲተዉ፣ አስጋሪዎች በክረምት ወራት ከዳርቻው መረባቸውን እንዲያርቁ፣ አርቢዎችም ጫጩት ከታወቀ ማዕከል ብቻ እንዲወስዱ ጥሪ ይቀርባል። ይህ ሲሆን ሐይቁ ለውጫሌና ለሐይቅ ገበያ ዓሣ ማቅረቡን ይቀጥላል፤ በማስገር የሚተዳደሩ ቤተሰቦችም መተዳደሪያቸውን ለልጆቻቸው ማውረስ ይችላሉ።